ዐቢይ ቀመር፦ 194,313 ቀን

መስከረም 1 ቀን በደባርቅም በዳባትም፣ ወደ ጃናሞራ በሚወርዱት የስሜን ደብሮችም የዓመቱ ዐዋጅ ይነገራል። ዘመኑ የማን ወንጌላዊ ነው? አበቅቴው ስንት፣ መጥቅዑስ ስንት ሆነ? ነነዌ መቼ ትገባለች፣ ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል፣ ትንሣኤ በየትኛው ወር በስንተኛው ቀን ይውላል? ዐዋጁ ለካህኑ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሥጋ ቤቱ የሚዘጋበትን ሳምንት፣ የቅቤው ዋጋ የሚወርድበትንና በጉ ተፈላጊ የሚሆንበትን ወቅት፣ ሠርግ የሚደገስበትንና የማይደገስበትን ጊዜ ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። መምህሩ ይህን ሁሉ የሚያወጣው የተጻፈ ሰንጠረዥ ሳያይ፣ በቃሉ በያዛቸው ጥቂት ቁጥሮች ነው። እነዚያ ጥቂት ቁጥሮች ሲባዙ የሚሰጡት አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር አለ። ይህ ምዕራፍ የሱ ነው፦ 194,313።

ቁጥሩ ከየት መጣ? በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ቀመር ወይም ዐቢይ ቀመር የሚባለው ዙር 532 ዓመት ነው። 532 ዓመት በ365 ቀን ሲባዛ 194,180 ይሆናል። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ስለምትሆን 532 ለ4 ተካፍሎ 133 ቀን ይጨመራል። ድምሩ 194,313 ቀን ነው። ይህን ያህል ቀን ሲያልፍ የሳምንቱ ዕለት፣ የወንጌላዊው ተራና የጨረቃዋ ሌሊት ሦስቱም አብረው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ሦስቱ አንድ ላይ የሚገናኙበት ዓመት የለም።

በግእዝ አኃዝ ስንጽፈው ፲፱፼፵፫፻፲፫ ይሆናል፤ አሥራ ዘጠኝ እልፍ፣ አርባ ሦስት መቶ፣ አሥራ ሦስት። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ለስሌት አይመችም ሲባል እንሰማለን። እኔ አልስማማም። ማካፈል ሳያስፈልግ ቀሪ ብቻ ለሚፈልግ ሰው፣ ቁጥሩን በመቶና በእልፍ ከፋፍሎ ማስቀመጡ ትልቅ ስጦታ ነው። ቁጥራችን ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈል እንደሆነ እንይ። መቶ በሰባት ሲገደፍ 2 ይቀራል፤ እልፍ በሰባት ሲገደፍ 4 ይቀራል። ስለዚህ 19ን በ4፣ 43ን በ2 አባዝተን 13ን እንደምር፦ 76፣ 86 እና 13፣ ድምሩ 175። 175 ደግሞ 25 ጊዜ 7 ነው። ያለ ቀሪ ተካፈለ። በ19ስ? መቶ በ19 ሲገደፍ 5፣ እልፍ ሲገደፍ 6 ይቀራል። 19 በ6፣ 43 በ5፣ ሲደመር 13፦ 342፤ ይህም 18 ጊዜ 19 ነው። በ3 ከሆነ ይበልጥ ይቀላል። መቶም እልፍም በሦስት ሲገደፉ የሚቀረው 1 ነውና 19፣ 43 እና 13ን እንዲሁ መደመር ይበቃል፤ 75 ይሆናል፣ ለሦስት ይካፈላል።

እንግዲህ 3፣ 7 እና 19 ሦስቱም የ194,313 አካፋዮች ናቸው። ሦስቱ ሲባዙ 399 ይሰጣሉ፤ 194,313ን ለ399 ስናካፍል 487 እናገኛለን። 487 ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13፣ ለ17ም ሆነ ለ19 አይካፈልም፤ የሚቀጥለው ብቸኛ ቁጥር 23 ነው፣ 23 በራሱ ሲባዛ ግን 529 ሆኖ ከ487 ስለሚበልጥ ፍለጋው እዚያ ያበቃል። 487 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። የዐቢዩ ቀመር ቀናት እንግዲህ 3 በ7፣ በ19፣ በ487 ናቸው። አራት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ።

የ7 ድርሻ ግልጽ ነው፤ ዐውደ ዕለት፣ ሳምንቱ ነው። 19 የጨረቃ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጣም ተቀራርቦ ይገጥማል። 3 እና 487 ግን ተለያይተው የሚታዩበት ቦታ የለም። አንድ ላይ ሲሆኑ 1,461 ይሆናሉ፣ ይህም የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ አራት ዓመት ቀናት ብዛት ነው። በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር ማንኛውም የቀን መቁጠሪያ፣ የእኛም ይሁን የግብጾች ወይም የጥንት ሮማውያን፣ 487ን በውስጡ ይዞ ይዞራል። ከሳምንት ጋርም ሆነ ከ30 ቀን ወር ጋር የማይስማማ ግትር ቁጥር ነው። የዓመቱን ስሌት አስቸጋሪ የሚያደርገው እሱ ነው።

አራት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ያሉት ቁጥር 16 አካፋዮች ይኖሩታል። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ አንዱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። 194,313 ለ7 ሲካፈል 27,759 ነው፤ የዐቢዩ ቀመር ሳምንታት ብዛት መሆኑ ነው። ከባሕረ ሐሳብ አዕዋዳት መካከል 76 ዓመት የሚይዝ ዐውደ ማኅተም የሚባል አለ። የ76 ዓመት ቀናት ስንት ናቸው? 27,759። የግሪኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ካሊጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ጨረቃንና ፀሐይን ለማስታረቅ የቀመረው ዙርም ይኸው 76 ዓመት፣ እነዚሁ 27,759 ቀናት ናቸው። ነገሩ ተአምር አይደለም። 532 ማለት 7 ጊዜ 76 ስለሆነ፣ በትንሹ ዙር ቀን የነበረው በትልቁ ዙር ሳምንት ሆኖ ይገኛል። ቢሆንም እያንዳንዱ የዐውደ ማኅተም ቀን በዐቢዩ ቀመር አንድ ሙሉ ሳምንት ሆኖ መዘርጋቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ጳጉሜንም እንይ። በአራት ዓመት ውስጥ ጳጉሜ 5፣ 5፣ 6 እና 5 ሆና 21 ቀን ትሰጣለች። ከ1,461 ቀን 21 ማለት፣ ሁለቱንም ለ3 ስናካፍል፣ ከ487 ቀን 7 ማለት ነው። በመላው ዐቢይ ቀመር የጳጉሜ ቀናት 2,793 ሲሆኑ፣ ይህ በትክክል 399 ሳምንት ነው። ያ 399 ቅድም 3ን፣ 7ንና 19ን አባዝተን ያገኘነው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዐዋጁ እንመለስና 2018 ዓ.ም.ን በእጃችን እናውጣ። መጀመሪያ 5,500 ይጨመርና ዓመተ ዓለም 7,518 ይገኛል፤ በግእዝ ፸፭፻፲፰። ወንጌላዊውን ለማወቅ በአራት መግደፍ ነው። መቶ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ፸፭ቱን መቶ ትተን የመጨረሻዎቹን ፲፰ ብቻ ብናይ ይበቃል፤ 18 በአራት ሲገደፍ 2 ይቀራል፣ ሁለተኛው ወንጌላዊ ማርቆስ ነው። 5,500ም ለአራት ስለሚካፈል መደመሩ እንኳ ለዚህኛው ጥያቄ አያስፈልግም ነበር። ቀጥሎ 7,518 ለ4 ሲካፈል የሚወጣው 1,879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ያለፉት የሉቃስ ዓመታት ያመጡት ትርፍ ቀን ነው። እሱን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምረን 9,397 እናገኛለን፤ በሰባት ሲገደፍ 3 ይቀራል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ነውና የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ለምን ዓመተ ዓለሙ እንዳለ ይደመራል? 365 ቀን 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ዓመት የሳምንቱን ዕለት በአንድ ይገፋል፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን ይታከላል። 4 እና 7 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች የሚገናኙት ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ዐውደ ፀሐይ የሚባለው ይህ 28 ነው።

የጨረቃው ድርሻ በ19 ነው። 7,518 በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ይተዋል፣ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፣ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፈን 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፣ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፈን 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ። በየትኛውም ዓመት 30 ይሆናሉ፤ ተማሪው ስሌቱን የሚፈትሽበት መንገድ ይህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 11 ጊዜ ወንበር እና 19 ጊዜ ወንበር ሲደመሩ 30 ጊዜ ወንበር ይሆናሉ፣ እሱም በሠላሳ ሲገደፍ ምንም አይቀረውም። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 በመሆኑ ነው። የመጥቅዕ ማባዣ የሆነው 19 ደግሞ 30 ሲቀነስ 11 እንጂ የጨረቃ ዙር የሆነው 19 ዓመት አይደለም። ሁለቱ 19ዎች በአጋጣሚ ይመሳሰላሉ፤ ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

የ2018 መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ትገባለች፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ከእነዚህ ቁጥሮች ይወጣሉ።

ሰው ይህን ሁሉ ከብራና ውጭ እንዴት ይሸከመዋል? በእጁ። ግራ እጅህን ዘርግተህ አንጓዎቹን ቁጠር፤ አውራ ጣት ሁለት፣ አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 14። አምስቱን ጥፍሮች ብትጨምር 19 ነው፤ የጨረቃው ዙር። የሁለቱ እጆች አንጓ ብቻ 28 ነው፤ የፀሐዩ ዙር። ቢድ የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ በ725 በአውሮጳ አቆጣጠር ስለ ዘመን ስሌት ባዘጋጀው መጽሐፉ ይህንኑ የእጅ ዘዴ ጽፎታል። 532 ዓመት በአሥር ጣት ያልቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሦስቱን ቀሪዎች በደንብ እንያቸው፦ በ4፣ በ7 እና በ19። ሦስቱ ቁጥሮች አንዳቸው ከሌላቸው ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሦስቱን ቀሪዎች የሚያውቅ ሰው ዓመቱን ከ532 ውስጥ ለይቶ ማወቅ ይችላል። አንድ ዓመት ከሌላው ጋር በሁለት ቀሪ ሊመሳሰል ይችላል፣ በሦስቱም ግን አይመሳሰልም። በቻይና ሱን ዙ የሚባል ሊቅ ጥንት ያነሣው የቀሪዎች ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጀርመናዊው ጋውስም በ1800 የፋሲካን ቀን ማውጫ ቀመር ሲያትም ቁጥሩን የከፈለው በ19፣ በ4 እና በ7 ነበር።

ይህን በስሜን ምድር በሆነ ነገር እንሞክረው። ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በጃናሞራ አለ። ውቤ ሊነግሡበት ያሰቡት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ካሳ ድል አደረጓቸውና በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። አሁን ዓመተ ምሕረቱ ጠፍቶን ሦስት ነገር ብቻ ተረፈልን እንበል፦ ዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 እሑድ፣ አበቅቴ 12። ሉቃስ ሆኖ መስከረም 1 እሑድ የዋለበት ዓመት በዐቢዩ ቀመር መጀመሪያ የሚገኘው 11ኛው ላይ ነው፤ ከዚያ በየ28 ዓመቱ ይመላለሳል፦ 11፣ 39፣ 67፣ 95 እያለ። አበቅቴ 12 ማለት ወንበር 12፣ በ19 ሲገደፍ ቀሪው 13 የሆነ ዓመት ማለት ነው። 28 በ19 ሲገደፍ 9 ይቀራልና በእያንዳንዱ እርምጃ ቀሪው 9 ይጨምራል፣ ከ19 ሲደርስ ይገደፋል። ከ11 ተነሥተን እንራመድ፦ 11፣ 1፣ 10፣ 0፣ 9፣ 18፣ 8፣ 17፣ 7፣ 16፣ 6፣ 15፣ 5፣ 14፣ 4፣ 13። ከ15 እርምጃ በኋላ ደረስን። 11 ላይ 15 ጊዜ 28 ሲጨመር 431 ነው። የ14ኛው ዐቢይ ቀመር 431ኛ ዓመት ዓመተ ዓለም 7,347 ነው፤ 5,500 ሲቀነስ 1847 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ይህ ምልክት የነበረው በ1315 ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመለሰው በ2379። ጥርጥር የለም፣ 1847 ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የዘውዱ ቀን በአውሮጳ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1855፣ በእኛ የካቲት 5 ቀን 1847 ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 5 ያለው 154 ቀን ነው፤ በትክክል 22 ሳምንት። መስከረም 1 እሑድ ስለነበረ የካቲት 5ም እሑድ ነው። የዚያ ዓመት መጥቅዕ 18 ነበር (1847 እና 2018 በ171 ዓመት፣ ማለትም በዘጠኝ ጊዜ 19 ስለሚራራቁ አበቅቴና መጥቅዓቸው አንድ ነው)። መስከረም 18 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ መባጃ ሐመር 22። ነነዌ ጥር 22 ቀን ገባች፤ ዐቢይ ጾም ከ14 ቀን በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን ሰኞ ተያዘ። እንግዲህ ዘውዱ የተጫነው በቅበላ እሑድ፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ጦርነቱ በተለምዶ የሚነገርበት የካቲት 3 ዓርብ ነበር። ያ እሑድ ቢያልፍ ኖሮ የንግሥ ድግስ የሚደገስበት ቀን ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 1፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ በሆነ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ከጦር ሜዳ ወደ ቅብዐ መንግሥት የተሄደበት ጥድፊያ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አቡኑም ቤተ ክርስቲያኑም በቅርብ ነበሩ። ቅበላን ከምክንያቶቹ ውጭ ማድረግ ግን ይከብደኛል። በሦስት ቀሪዎች ብቻ እዚህ ድረስ መድረስ መቻሉ የዚህን ቁጥር ኃይል ያሳያል።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሚጀምረው በሊማሊሞ ዳገት፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1770 መጀመሪያ፣ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ወጥቷል፤ ኋላም ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከተመለሰው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነበር። ሄኖክ ዓመቱን በ364 ቀን ይቆጥራል። 364 በትክክል 52 ሳምንት፣ እያንዳንዱም ወቅት 13 ሳምንት ነው፤ በዚህ አቆጣጠር መስከረም 1 ለዘላለም በአንድ ዕለት ይውላል፣ መገደፍም መደመርም አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር ያጓጓል። ችግሩ በ532 ዓመት ውስጥ ከባሕረ ሐሳብ በ665 ቀን፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ሊቃውንቱ ሄኖክን በቅዱስ መጽሐፍነቱ አክብረው ለዓመቱ በዓላት ስሌት 487 ያለበትን አስቸጋሪውን ቁጥር መረጡ። ትውፊቱ ይህን ስሌት የሚሰጠው ለእስክንድርያው ለ12ኛው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው።

አሁን ያለነው በ15ኛው ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። 14ኛው ያለቀው በ1948 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበትና የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በታወጀበት ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀን 1949 ማክሰኞ፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ አልቦ አበቅቴ ሆኖ ሁሉም ከአንድ ተጀመረ። 2018 የዚህ ዙር 70ኛ ዓመት ነው። መንትያው 1486 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ እስክንድር ያረፉበት ዓመት። ያን ጊዜም መስከረም 1 ሐሙስ፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ነበር። የአሁኑ ዙር የሚያልቀው በዓመተ ዓለም 7,980 ነው። ይህን ቁጥር የሥነ ፈለክ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ፈረንሳዊው ስካሊገር በ1583 ለታሪክ ዘመናት ሁሉ መለኪያ እንዲሆን ያወጣው ዙር 28 በ19 በ15፣ 7,980 ዓመት ነው። የሱ 15 የሮማውያን የግብር ዙር ነው፤ የእኛ 15 የዐቢይ ቀመር ተራ ነው። መገጣጠሙ ከአጋጣሚ አያልፍም፣ 532ን ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተውታል።

እስካሁን ቁጥሩን ብቻ አይተናል፤ ሰማዩን አልጠየቅንም። የፀሐይ ትክክለኛ ዓመት 365.2422 ቀን ያህል ነው፤ 532ቱ ዓመት 194,309 ቀን ገደማ ይሆናል። ቁጥራችን በአራት ቀን ይበልጣል። በጨረቃ በኩል 532 ዓመት 28 ጊዜ 235፣ ማለትም 6,580 የጨረቃ ወር ነው፤ የጨረቃ ወር 29.530588 ቀን ስለሆነ 194,311 ቀን ከሩብ ያህል ይመጣል። እዚህም ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ትርፍ አለ፤ በግምት በየ310 ዓመቱ አንድ ቀን። በደጅ ወጥቶ ማየት ይቻላል። የ2018 የፋሲካ ሙሉ ጨረቃ በቀመሩ መጋቢት 28 ናት፤ በሰማይ ላይ ግን ጨረቃ የምትሞላው መጋቢት 24 ሊነጋ ሲል ነው። አራት ሌሊት ተዛንፏል። ዝንፈቱ የተከማቸው ሰንጠረዡ ከተሠራ ወዲህ ባለፉት ከ1,600 የሚበልጡ ዓመታት ነው።

ይታረም ቢባልስ? ሮማዊው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 አርሞታል። አሥር ቀን ከቀን መቁጠሪያው ቆርጦ ጣለ፣ በየ400 ዓመቱም ሦስት ትርፍ ቀን እንዲቀር አደረገ፣ ለጨረቃዋም የተለየ ማስተካከያ ጨመረ። ሰማዩ በእርግጥ ተቃረበ። ነገር ግን የ28 ዓመቱ ዙር ፈረሰ፤ የሳምንቱ ዕለት የሚመለሰው በ400 ዓመት ሆነ። የጨረቃው ማስተካከያም ሲታከልበት የምዕራባውያን የፋሲካ ቀናት ተርታ እንደገና ከመጀመሪያው የሚደገመው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው፤ በቀን 2,081,882,250። ይህም ቁጥር ለ7 ይካፈላል፣ ይህም ሙሉ ዙር ነው፤ በ14 አንጓና በአምስት ጥፍር ግን አይያዝም። የጳጉሜ ስድስትን ደንብ ብናሻሽል ሰማዩን በአራት ቀን እንቀርበዋለን፤ 487ን ግን እናጣለን፣ ከሱም ጋር 532ን፣ 1847ን በ15 እርምጃ ያገኘንበትን መንገድም እናጣለን።